ስምህ ማን ነው?
ልጆችን እውነትንና ቅንነትን ስለ ማስተማር

የሚነበብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 26፥1–11፣ 27፥1–29፣ 43፥1–23



ልጁን «አትዋሽ» ብሎ የማያስተምር ወላጅ በመካከላችን የለም። ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት አሥርቱን ትእዛዛት በቃላቸው ይዘዋል፤ በሐሰት ስላለመመስከር የሚናገረውንም ሳይሳሳቱ ይሉታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ልጅ ቤት ሲገባ «የሱቁ ሰውዬ ዱቤውን ሊጠይቅ ከመጣ አባዬ የለም በለው» ይባላል። ኢንተርቪው ሲደርስ ደግሞ እህቱ «አክስትሽን እማዬ እያልሽ ጥሪያት፤ ዕድሜሽን ከጠየቁሽ አሥራ አንድ ነው በዪ» ትባላለች።

እዚህ ካኩማ ውስጥ የውሸት ነገር ስኳር ሰርቆ እንደ መካድ ብቻ አይደለም። ኑሯችን የተያያዘው ከጥያቄ ጋር ነው። ማን ነህ? ከየት መጣህ? ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ይህ ልጅ ያንተ ነው? የምንሰጠው መልስ ዱቄቱንም፣ ዘይቱንም፣ አንዳንዴም የልጆቻችንን የወደፊት አገር ይነካል። ራሽን ከተቀነሰና ቤተሰብ ሁሉ በየካቴጎሪው ከተመደበ ወዲህ ደግሞ ፈተናው ባሰ። ስለዚህ «እውነት መናገር ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ የእናንተን ኑሮ አለማወቅ ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስም እንደዚያ አያልፈውም። የተራቡና የተሰደዱ ሰዎች ምን ብለው እንደዋሹ፣ ልጆቻቸውም ከእነሱ ምን እንደወረሱ ሳይደብቅ ይነግረናል።

በረሃብ ጊዜ የተጀመረ ውሸት

አብርሃም የእምነት አባት ነው፤ ስደተኛም ነበር። በከነዓን ረሃብ ሲጸና ወደ ግብፅ ወረደ (ዘፍ. 12፥10–20)። ወደ አገሩ ሊገባ ሲል ፈራ። በሚስቱ ውበት ምክንያት እንዳይገድሉት፣ ሚስቱ መሆኗን ትታ እህቱ እንደሆነች እንድትናገር መከራት። ዓመታት አልፈው ጌራራ በሚባል ቦታም ይህንኑ ደገመው (ዘፍ. 20)። ንጉሡ አቢሜሌክ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠይቀው የሰጠው መልስ ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። በዚህ ቦታ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ያለ አልመሰለውም፤ ደግሞም ሣራ በአባት በኩል በእርግጥ እህቱ ናት። ይህኛው እውነት ነው። ግን ግማሹን እውነት ያወጣው ሌላውን ግማሽ ለመሸፈን ነው።

ልብ በሉ፣ አብርሃም እግዚአብሔርን አይፈራም ብሎ የገመተው አቢሜሌክ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእሱ ይልቅ ቅን ሆኖ ተገኘ። እኛም «ቢሮ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ምን እውነት አላቸውና ነው እኔ እውነት የምነግራቸው» እንላለን። አንዳንዱ ላይ ልክ ልንሆን እንችላለን። ልጁ ከዚህ የሚማረው ግን እውነት የሚነገረው ለሚገባው ሰው ብቻ እንደሆነ ነው። ማን እንደሚገባው የሚወስነው ደግሞ እሱ ራሱ ይሆናል። አንድ ቀን ከሚገባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እናንተንም ያወጣችኋል።

ያ ሁሉ ሲሆን ይስሐቅ ገና አልተወለደም ነበር። አላየም፣ አልሰማም። ዘፍጥረት 26 ላይ ግን ሌላ ረሃብ መጣ፤ ይስሐቅም እዚያው ጌራራ ሄደ፤ ስለ ሚስቱ ስለ ርብቃ ሲጠይቁት የአባቱን ቃል እንዳለ አውጥቶ ተናገረው። ሣራ ቢያንስ በአባት እህት ነበረች። ርብቃ ግን የአጎቱ የልጅ ልጅ እንጂ እህቱ አይደለችም። በአባቱ ጊዜ ግማሽ እውነት የነበረው በልጁ ጊዜ ሙሉ ውሸት ሆነ።

ይስሐቅ ይህንን ከማን ተማረው? መጽሐፉ አይነግረንም። እኔ የምገምተው ግን በድንኳኑ ውስጥ ሲወራ ሳይሰማ እንዳላደገ ነው። እኛም ቡና ላይ ተሰብስበን እገሌ ኬዙን እንዴት አድርጎ እንዳሳመረው፣ እገሊት እንዴት እንዳለፈች እየሳቅን እናወራለን። ልጆቹ ጥግ ላይ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩ ይመስለናል።

የርብቃ ምክር

ቀጥሎ ያለው ትውልድ ከዚህ ይብሳል። ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኑ ፈዘዘ፤ ታላቁን ልጁን ዔሳውን ሊባርክ አሰበ። ርብቃ ይህንን ሰምታ ታናሹን ያዕቆብን አዘጋጀችው። ሁለት የፍየል ጠቦት አስመጣች፣ ወጡን ሠራች፣ የዔሳውን ልብስ አለበሰችው፣ እጁንና አንገቱን በፍየል ቆዳ ሸፈነችው። ያዕቆብ አመንትቶ ነበር። ያመነታው ግን ነገሩ ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ አባቱ ዳስሶ እንዳይለየውና በበረከት ፈንታ እርግማን እንዳያገኘው ነው የፈራው። እናቱም እርግማኑን እሷ እንደምትሸከም ነገረችው (27፥13)።

ይህ የእናት ፍቅር ነው። ርብቃ ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጇን ትወዳለች፤ ስለ እሱም ገና በሆዷ ሳለ ከእግዚአብሔር የሰማችው ቃል ነበራት (25፥23)። በመካከላችንም ልጇን የሌላ ሰው ስም የምታስጠና እናት አብዛኛውን ጊዜ የምታደርገው ከፍቅር ነው። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ብቻ እሱ ይለፍልኝ» ትላለች። ርብቃ ግን እርግማኑን ልትሸከምለት አልቻለችም። ያዕቆብ የወንድሙን ቁጣ ሸሽቶ ወደ ካራን ተሰደደ። እናቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መስሏት ነበር (27፥44)፤ ሃያ ዓመት ሆነ (31፥38)። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ስለ መገናኘታቸው መጽሐፍ ቅዱስ አንድም ቃል አይናገርም። በካራንም ያዕቆብ የዘራውን አጨደ፤ አጎቱ ላባ በራሔል ፈንታ ልያን ሰጠው።

በዚህ ምዕራፍ አንድ ትንሽ ነገር አትለፏት። አባቱ አደኑን እንዴት እንዲህ ቶሎ እንዳገኘ ሲጠይቀው ያዕቆብ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ (27፥20)። ልጆቻችን ለትንሹ ነገር ሁሉ «እግዚአብሔርን!» ብለው የሚምሉት ለምን ይመስላችኋል? ቃላቸው ብቻውን እንደማይታመን ስለሚያውቁ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥33–37 የከለከለው ይህንን ነው፤ አዎታችንና አይደለማችን ያለ መሐላ እንዲታመን ይፈልጋል። ልጃችሁ ሲምል አትቆጡት። «ሳትምል አምንሃለሁ» በሉት፤ ከዚያም እመኑት።

ከአፍ ያልወጣ ውሸት

የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን ዮሴፍን በሃያ ብር ሸጡ። ከዚያ ፍየል አርደው ቀሚሱን በደም ነክረው ወደ አባታቸው ላኩት (37፥31–33)። አባቱን በፍየል ቆዳ ያታለለ ሰው በልጆቹ በፍየል ደም ተታለለ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ወንድማማቾቹ ያሉት ቃል ነው። ይህንን አገኘን፣ የልጅህ መሆን አለመሆኑን እየው ነው ያሉት። አውሬ በላው አላሉም፤ ያንን ያለው ራሱ አባታቸው ነው።

ልጆች ከሁሉ በፊት የሚለምዱት ይህንን ዓይነቱን ውሸት ይመስለኛል። ጀሪካኑን የሰነጠቀው ልጅ ዝም ብሎ ከታናሽ እህቱ ጎን ያስቀምጠዋል። ፈተና የወደቀችው ልጅ ያለፈችበትን ወረቀት ብቻ ታሳያለች። ከእኛም የሚሰሙት አለ፤ «አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም» እንላለን። ስለዚህ ልጅን «ያልከው ውሸት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «እኔ ምን እንዲመስለኝ ፈልገህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ ይህ ጥያቄ ይገባዋል። ቅንነት የምንለው እዚህ ጋ ነው፤ ሰው በእኛ ምክንያት ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ እንዳያስብ መጠንቀቅ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። «ከሞት ያመለጥን ሰዎች ነን እኮ፤ ልጆቻችን ለጠየቀ ሁሉ ሁሉን ይናገሩ?» አይናገሩ። ዝምታና ውሸት አንድ አይደሉም። ጌታችን በሄሮድስ ፊት ብዙ ተጠይቆ ምንም አልመለሰም (ሉቃ. 23፥9)። ልጃችሁ ቦኖ ላይ ወይም መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ስለ አባቱ ቢጠይቀው «እሱን እማዬን ጠይቋት» ብሎ እንዲመልስ አስተምሩት። ይህ ማንንም አያታልልም። የዮሴፍ ወንድሞች የደበቁት ግን ማወቅ ከሚገባው ሰው ነው።

የዕብራውያን አዋላጆችስ? (ዘጸ. 1፥15–21) እነዚያ ሴቶች እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናትን ከገዳይ እጅ አስጣሉ። በእነሱ ቦታ የቆመ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ነገር ግን ከካምፕ የወጣን ሰው ካርድ ላይ አቆይቶ ራሽን መቀበልን ከአዋላጆቹ ሥራ ጋር ማመሳሰል ተገቢ አይደለም። እዚያ የተረፈው ሕይወት ነው፤ እዚህ የሚጎድለው ደግሞ ከጎረቤት ድርሻ ነው።

«ስምህ ማን ነው?»

ያዕቆብ በአባቱ ፊት ማንነቱን ሲጠየቅ ዔሳው ነኝ አለ (27፥19)። ከሃያ ዓመት በኋላ በያቦቅ ወንዝ ሌሊቱን ሙሉ ከታገለው በኋላ፣ ያ የታገለው ስሙን ጠየቀው (32፥27)። እግዚአብሔር ስሙን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? በዚህ ጊዜ ያዕቆብ ያዕቆብ ነኝ አለ። አዲስ ስም የተሰጠውም የራሱን ስም ከተናገረ በኋላ ነው።

በመካከላችን ሁለት ስም ያላቸው ልጆች አሉ፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የፎርም። ይህ ጽሑፍ ማንንም ለመመርመር አልተጻፈም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምዝገባ ቢሮ አይደለችም። የብዙው ነገር መነሻ ደግሞ የድንበር ጭንቀት ወይም የአስተርጓሚ ስህተት እንደሆነ እናውቃለን። የምንለው ይህ ነው፤ የተጣመመውን የማቅናት ሸክም በልጁ ላይ አትጫኑ። መዝገብ ላይ ያለ ስም፣ ዕድሜ ወይም ዝምድና እንዲስተካከል ማመልከት ይቻላል። ከማመልከታችሁ በፊት በካምፑ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ከሚሰጡት ጋር ተነጋገሩ። ቀላል ነው አልልም፤ ኬዝ ሊዘገይ ይችላል፣ ያስፈራልም። ግን የሚሄደው ትልቁ ሰው ይሁን። አንድ ልጅ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያኔ ያጠናውን እንዳይረሳ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ መግባት የለበትም። ያየውን እንዲናገር፣ የማያውቀውን «አላውቅም» እንዲል ብቻ ንገሩት።

እውነት ሲነገረን

ልጅ እውነት መናገር የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በእኛ ፊት ነው። «እውነቱን ንገረኝ፣ አልመታህም» እንለዋለን፤ ሲነግረን አርጩሜ እናነሳለን። በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው።

ካህኑ ዔሊን ተመልከቱ (1ሳሙ. 3፥15–18)። የገዛ ልጆቹን ባለመገሠጹ የተወቀሰ አባት ነው። ከሳሙኤል ጋር ያደረገው ግን ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። ትንሹ ሳሙኤል በሌሊት የሰማው ስለ ዔሊ ቤት የተነገረ ከባድ ፍርድ ነበር፤ ለመናገርም ፈራ። ዔሊ ጠራው፤ ልጄ ብሎ ነው የጠራው። ምንም እንዳይደብቀው ጠየቀው። ልጁ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ዔሊም አልጮኸም፣ አላባረረውም፤ ቃሉን ከእግዚአብሔር እንደ መጣ ተቀበለ። ሳሙኤል አድጎ ለንጉሥ እንኳ እውነትን የማይሸሽግ ነቢይ ሆነ። የመጀመሪያዋን መራራ እውነት የተናገረላቸው ሽማግሌ ሳይቆጡ ሰምተውታል።

ቅጣት አይኑር ማለት አይደለም። ጀሪካኑን የሰነጠቀ ልጅ ሳምንቱን ውኃ ይቅዳ። ነገር ግን ስለ ሰነጠቀው ይቀጣ እንጂ ስለ ተናገረ አይቀጣ፤ ልጁም ልዩነቱን እንዲያውቅ በቃል ንገሩት።

ሌላው ለልጆች የምንሰጠው ተስፋ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ እንሄዳለን» እየተባሉ ያደጉ አሉ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ፕሮግራም ሲቆም በረራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ባሉበት ቀሩ። ልጆቹ «መቼ ነው እንግዲህ?» ይላሉ። «እኛ ስንጸልይ እግዚአብሔር ለምን አይሰማንም?» የሚሉም አሉ። «አላውቅም የኔ ልጅ፤ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» ማለት እምነት ማጣት አይደለም። መዝሙረ ዳዊት እንዲህ ባለ ጥያቄ የተሞላ ነው። ቀን ቆርጦ ቃል መግባት ግን በእጃችን ያልሆነውን መስጠት ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ልጁ የሚያጣው አሜሪካን ብቻ አይደለም።

በከረጢቱ አፍ የተገኘው ብር

ከአብርሃም ጀምሮ የወረደው ውሸት በያዕቆብ ቤት የት ላይ መመለስ እንደ ጀመረ ታውቃላችሁ? እህል ማከፋፈያ ላይ ነው።

ረሃቡ በጸና ጊዜ የያዕቆብ ልጆች ግብፅ ወርደው እህል ገዙ። የሚሸጠው ወንድማቸው ዮሴፍ እንደሆነ አላወቁም። ቅን ሰዎች ነን አሉት (42፥11)። እሱ ፊት ይህንን ማለታቸው እንዴት ይሰማል! ዮሴፍ ብራቸውን በየከረጢታቸው መልሶ እንዲከቱት አዘዘ። መንገድ ላይ አንዱ ከረጢቱን ሲፈታ ብሩን አየ፤ ቤት ሲደርሱ የሁሉም እንደዚያው ሆነ። ደነገጡ።

እህሉ አለቀ። ተመልሰው መሄድ ግድ ሆነ። ያኔ ሽማግሌው ያዕቆብ፣ ያ በፍየል ቆዳ አባቱን ያታለለው ሰው፣ ልጆቹን ያዘዛቸውን አንብቡ (43፥12)። እጥፍ ብር ያዙ፤ በከረጢታችሁ የተገኘውንም መልሳችሁ ውሰዱ፤ ምናልባት ስህተት ይሆናል አላቸው። ቤቱ ተርቧል። ብሩን የጠየቀ ሰው የለም። «እግዚአብሔር የሰጠን ነው» ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል? እኛ ሱቅ ውስጥ መልስ ሲበዛልን፣ ማከፋፈያው ላይ አንድ ኪሎ ሲጨመርልን የምንለው ይህንኑ አይደል? አባትየው ግን ስህተት ሊሆን ይችላል አለ፤ ከስህተት የመጣ እንጀራ ደግሞ በቤቱ እንዲበላ አልፈለገም።

ልጆቹም ታዘዙ። ዮሴፍ ቤት በር ላይ ሲደርሱ አዛዡ ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ቀርበው ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዱት (43፥19–22)። ወንድማቸውን በሃያ ብር የሸጡና ለአባታቸው በደም የተነከረ ቀሚስ የላኩ ሰዎች፣ አሁን ማንም ያልጠየቃቸውን ብር በበር ላይ ቆመው ይመልሳሉ። ሰዎቹ ጎልማሶች ናቸው፣ የራሳቸው ልጆች አሏቸው፤ አባታቸው ደግሞ በጣም አርጅቷል። ያም ሆኖ «መልሱ» ብሎ ማዘዝ ለእሱ አልረፈደበትም ነበር።

በመካከላችን ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ዘሌዋውያን 19፥33–36ን ከዚህ ጋር አንብቡት። እግዚአብሔር መጻተኛውን እንዳትበድሉ ካለ በኋላ ወዲያው ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ ይናገራል። መጻተኛ የተባልነው እኛ ነን ብለን የመጀመሪያውን እናነባለን፤ ሁለተኛውም ለእኛ ነው። ከሰል ሸጣ ስኳር ልትገዛ የመጣች የቱርካና እናት ሚዛኑን ማንበብ ላትችል ትችላለች። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ልጃችሁ ግን ያነበዋል።

በቤት ለመነጋገር

በዚህ ሳምንት ዘፍጥረት 43፥1–23ን ልጆቹ ያንብቡላችሁ። አማርኛ ማንበብ የሚከብዳቸው በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ያንብቡና በአማርኛ ያውሩላችሁ። ቁጥር 12 ላይ አቁሙ። «ያዕቆብ ብሩን ለምን አስመለሰ?» በሏቸው፤ መልሱን እናንተ አትንገሯቸው። ቀጥላችሁ «በእኛ ቤት መመለስ ያለበት ነገር ያለ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዱቤ ገንዘብ ይሆናል፣ ከጎረቤት ተወስዶ የቀረ ድስት ይሆናል፣ ያላሰባችሁትንም ሊያነሱ ይችላሉ። ልጆቹ የሚሉትን ጨርሰው እስኪናገሩ ስሙ፤ ከዚያ የሚመለሰውን ይዛችሁ አብራችኋቸው ሂዱ።